የአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አፈታት፣ እድሳትና አገጣጠም

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ መኪና ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍታ ያልፋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ እንዳለፈ ደግሞ መንገዱ ገደሉን እየታከከ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር አፋፉ ላይ ጉም ሆኖ ስለሚተኛ፣ ዝናብ ባይዘንብ እንኳ የፊት መስታወቱ ውኃ ይቋጥራል። መጥረጊያው እየዛለ የሚሄድ፣ መስታወቱ መሐል ላይ የሚቆም ወይም ጭራሽ የማይነሣ መኪና ይዞ በዚህ ቁልቁለት መውረድ ፍሬን ሳይዙ ከመውረድ እምብዛም አይሻልም።

ቮልስ፣ ላንድሮቨር፣ ፔጆ 404፣ ባለ 40 ላንድክሩዘር ወይም ዲኤክስ ኮሮላ ያለው ሰው መጥረጊያው ሲያስቸግረው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ሌላ ሞተር እንዲፈልግ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ኦሪጅናል ሞተር ለነዚህ መኪኖች በቀላሉ አይገኝም፤ ከሱማሌ ተራ የሚመጣውም ያገለገለ ሞተር የራስዎ ሞተር የዕድሜ እኩያ ስለሆነ ግራሶው ደርቋል፣ በውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦኑም አልቋል። በእኔ አስተያየት የሚያዋጣው በእጅ ያለውን ሞተር ፈትቶ ማደስ ነው። እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ እንዲፈቱ ሆነው የተሠሩ ናቸው፣ የሚያልቁት ክፍሎችም ጥቂት ናቸው። ሞተሩን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ውጭ ያለ ነገር መሆኑን ግን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ካልተስተካከለ የታደሰውም ሞተር ብዙ አይቆይም።

ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ

የመጥረጊያው ሞተር ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው። በአንደኛው ጫፉ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ በግራሶ በተሞላ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ከናይለን ወይም ከፋይበር የተሠራ ሰፊ ጥርስ ያሽከረክራል፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ሰፊው ጥርስ ግን በደቂቃ ከ45 እስከ 70 ዙር ገደማ ብቻ ይዞራል። ከሰፊው ጥርስ ጋር የተያያዘው አጭር ክንድ፣ ማለትም ክራንኩ፣ ዙሩን ወደ ግራና ቀኝ እንቅስቃሴ ለውጦ ለዘንጎቹ ያስተላልፋል። በአንዳንድ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ በዘንግ ፋንታ በቱቦ ውስጥ የሚመላለስ ጥርሳም ገመድ ይገኛል። በቆዩት ሞተሮች ውስጥ የማግኔቱን ሥራ የሚሠራው የተጠመጠመ ሽቦ ሲሆን፣ ኋላ በመጡት ውስጥ ከሞተሩ ቆርቆሮ ጋር የተጣበቁ ጥቁር የፌራይት ማግኔቶች አሉ። ባለ ሁለት ፍጥነት የማግኔት ሞተር ሦስት ካርቦን ይኖረዋል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ትይዩ መሥመር ወጣ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን ፈጣኑን ዙር የሚሰጠው እርሱ ነው።

ዲሲ ሞተር ሲዞር ራሱ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ ከባትሪው የሚመጣውን ከረንት ይገታዋል፤ በዝግታ እንዲዞር ሲገደድ ግን ይህ መከላከያ ይቀንስና ከረንቱ ይጨምራል፣ ጨርሶ ሲቆም ደግሞ የሚገታው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ይሆናል። በነጻ ሲዞር 2 አምፔር አካባቢ የሚበቃው ሞተር ተይዞ ሲቆም ከ10 አምፔር በላይ ሊስብና በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። የደረቀ ዘንግ፣ የጠነከረ ግራሶ ወይም መስታወቱ ላይ በበረዶ የተጣበቀ ጎማ ሞተሩን የሚገድሉት በዚህ መንገድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረ መኪና መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ይገኛል፤ አሽከርካሪው አመዳዩን ሳይጠርግ መጥረጊያውን ሲከፍት ጎማው ተጣብቆ ይቀርና ወይ ሞተሩ ይግላል፣ ወይ የናይለኑ ጥርስ ይሸረፋል።

ከመፍታት በፊት ጥፋተኛውን መለየት

ሞተሩን ከመንቀልዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይፈትሹ። የመጀመሪያው ኤሌክትሪኩ ነው። መስታወቱን በውኃ አርጥበው መጥረጊያውን ይክፈቱና በቴስተር ሞተሩ ሶኬት ላይ የሚደርሰውን ቮልት ይለኩ። ንባቡ ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ችግሩ ከሽቦው፣ ከፊውዝ ቤቱ ወይም ከስዊቹ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሞተሩ ቆርቆሮ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው ሞተሩ በርቶ እያለ ይለኩ፤ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ሞተሩ ከመኪናው አካል ጋር ያለው ግንኙነት ዝጓል ማለት ነው። ሞተሩ በጎማ ማቀፊያ ላይ ስለሚታሰር የአካል ግንኙነቱ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያቺን ሽቦ መፋቅና ማጥበቅ ብቻ ያዳነው ሞተር ብዙ ነው። አንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ከአካሉ ጋር የሚያያዙት ፖዘቲቩን ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩ ቮልሶችም በብዛት ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ፣ መለኪያውን ከማንበብዎ በፊት መኪናዎ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ፍተሻ የዘንጎቹ ነው። ክራንኩን ከዘንጉ አላቅቀው የመጥረጊያውን ክንዶች በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ይግፉ። ጤነኛ ሥርዓት በሁለት ጣት ይንቀሳቀሳል። ሙሉ እጅ የሚጠይቅ ከሆነ ወይም የሆነ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ሞተሩ ተጠቂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

ድምፅም ይናገራል። ሞተሩ ሲያጉረመርም እየተሰማ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ የናይለኑ ጥርስ ተሸርፏል። በእጅ መታ ሲደረግ የሚነሣ፣ ቆይቶ ደግሞ የሚያቆም ከሆነ ካርቦኑ አልቋል ወይም በቤቱ ውስጥ ተጣብቋል። ሲያጠፉት የትም ቦታ የሚቆም ከሆነ መጥረጊያውን ወደ መስታወቱ ታች መልሶ የሚያሳርፈው የማረፊያው ኮንታክት ተበላሽቷል።

ከመኪናው ላይ ማውጣት

ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ስዊቹን ዘግተው ወደ ማረፊያ ቦታው እንዲመለስ ያድርጉ፤ ከዚያ የክንዶቹን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። ክራንኩ ከሞተሩ አልበሮ፣ ማለትም ከጥርሱ ጋር ከሚዞረው ብረት፣ ጋር የተገናኘበትንም አቅጣጫ በነጥብ መምቻ ወይም በቀለም ይለዩ። ይህን ምልክት የሚንቅ ሰው ሲገጥም ክንዶቹ ከመስታወቱ ወጥተው ኮፈኑን ሲመቱ ያያል።

የባትሪውን ገመድ ይፍቱ። የክራንኩን ዳዶ ሲፈቱ ሞተሩን ሳይሆን ክራንኩን ራሱን በቁልፍ ይዘው ያላሉት፤ ሞተሩ ከተያዘ ኃይሉ ሁሉ በናይለኑ ጥርስ ላይ ያርፍና በደኅና የነበረውን ጥርስ ይሰብረዋል። ቮልስ ላይ ሞተሩና ዘንጎቹ አንድ ላይ በፍሬም ታስረው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ስለሚገኙ የሚወጡት በፊተኛው ሻንጣ በኩል ነው፤ በጥርሳም ገመድ የሚሠሩት ላይ ደግሞ የቱቦው ዳዶ ሲላላ ገመዱ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይመዘዛል። የሽቦዎቹን ቀለምና ቦታ ከመንቀልዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ።

መክፈት

ሥራውን በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ያካሂዱ፤ የሞረድ ብናኝ ያለበት ጠረጴዛ ለማግኔት ሞተር ጠላት ነው፣ ምክንያቱም ማግኔቱ የብረት ብናኙን ሁሉ ስቦ ይይዘዋል። የሞተሩን ቆርቆሮ በሞርሳ አይጭመቁ፣ በመዶሻም አይምቱ፤ ፌራይት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው።

በመጀመሪያ በቆርቆሮውና በጥርሱ ቤት መካከል ረጅም ጭረት ያድርጉ። ቆርቆሮው ግማሽ ዙር ዞሮ ከተገጠመ የማግኔቱ ዋልታዎች ይገላበጡና ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ከዚያ የጥርሱን ቤት ክዳን ይፍቱ። እዚህ ላይ የሚታየው ግራሶ ስለ ሞተሩ ታሪክ ብዙ ይነግርዎታል፤ ጤነኛው ለስላሳና ፈዛዛ ቢጫ ወይም ቡናማ ሲሆን፣ ዕድሜ የጠገበው ግን እንደ ሰም ደርቆ ከጥርሱ ርቆ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይገኛል፣ ጥርሱ ራሱ ደረቅ ነው። በጥፍር ሲጭሩት የሚሰነጠቅ ግራሶ በደብረ ብርሃን ማለዳ ብርድ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የአልበሮውን ማያዣ ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ አውጥተው፣ ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በሽቦ ላይ ይሰኳቸው፤ አንዳንዶቹ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዶቹ ጎበጥ ያሉ ስለሆኑ ቢቀያየሩ ክራንኩ ይላላል ወይም ይከብዳል። የጥርሱ አልበሮ ጫፍ ዝጎ ወይም ጠርዙ ቡራ (ስል ትርፍ ብረት) አውጥቶ ከሆነ፣ አልበሮው የሚዞርበትን ቀለበት፣ ማለትም ቦኮላውን፣ ፍቆ እንዳይወጣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። በመጨረሻ የቆርቆሮውን ረጃጅም ብሎኖች ፈትተው ይሳቡት። ማግኔቱ አርማቸሩን፣ ማለትም ሽቦ የተጠመጠመበትን የሚዞር ክፍል፣ አብሮ ስለሚስብ ካርቦኖቹ በስፕሪንጋቸው ተገፍተው ይፈናጠራሉ፤ እጅዎን በዙሪያቸው ያድርጉ።

አርማቸሩና ኮሙቴተሩ

አርማቸሩን በላምባ አይዝፈቁት። በደረቅ ብሩሽና በንጹሕ ጨርቅ የካርቦኑን ጥቁር ዱቄት ያራግፉ፤ ግራሶ የነካው ቦታ ካለ በቤንዚን ትንሽ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉና ያድርቁት። ቤንዚኑን ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው መጠቀም እንዳለብዎ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ኮሙቴተሩ፣ ማለትም ካርቦኖቹ የሚፈጩበት የመዳብ ቀለበት፣ በብርሃን ፊት ቀስ ብሎ እየዞረ መታየት አለበት። እኩል የሆነ የቡና ቀለም ያለው አንጸባራቂ ገጽ ጤናማ ስለሆነ ከማጽዳት በቀር አይነካም። ጥቁርና ሻካራ ሆኖ ግን የቀለበቱ የመዳብ ቁራጮች፣ ማለትም ምላሶቹ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ከ400 እስከ 600 ቁጥር ያለው ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በሙሉ ዙሪያው ጠቅልለው አርማቸሩን በእጅ በማዞር ያጽዱት፤ አንድ ቦታ ብቻ መፈግፈግ ቀለበቱን ከክብነት ያወጣዋል። ለብረት የሚውለው ጥቁር የሸራ ወረቀት እዚህ አይሠራም፤ ጠንካራ ቅንጣቶቹ መዳቡ ውስጥ ተቀብረው አዲሱን ካርቦን ይበሉታል። ካጸዱ በኋላ በምላሶቹ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ቦዮች በሹል እንጨት ይጥረጉ፤ በቦዩ ውስጥ የቀረ የመዳብና የካርቦን ዱቄት ሁለት ምላሶችን ያገናኛል። በምላሶቹ መካከል ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከለው ነገር ከመዳቡ እኩል ሆኖ ከወጣ፣ ጎንና ጎኑ በድንጋይ የሳሳ የሴጌቶ ምላጭ ይዘው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ዝቅ ያድርጉት። ኮሙቴተሩ በፕላስቲክ የተቀረጸ ከሆነና ቦዮቹ መጀመሪያውኑ ጥልቅ ካልሆኑ ግን ይተዉት።

ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ምላስ ብቻ ጠርዙ ተቃጥሎ ከታየ፣ ከዚያ ምላስ ጋር የተገናኘው ሽቦ ተቋርጧል። ይህን በቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጎን ለጎን ያሉትን ምላሶች ሁለት ሁለቱን እየለኩ ዙሩን ይጨርሱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ኦም አይበልጥም፤ ዋናው ግን መጠኑ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። አንዱ ጥንድ በግልጽ ከፍ ካለ ሽቦው ከምላሱ ጋር የተያያዘበትን መጋጠሚያ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚለቅቀው እዚያ ላይ ስለሆነ በሹል መበየጃና በጥቂት ስታኞ መልሶ መያዝ ይቻላል። በመጨረሻ አንዱን የቴስተር ጫፍ በአልበሮው፣ ሌላውን በእያንዳንዱ ምላስ ላይ ያድርጉ፤ ምንም ንባብ ሊኖር አይገባም። ንባብ ካለ ወይም የሽቦው ቫርኒሽ ከስሎ የቃጠሎ ሽታ ካለው፣ አርማቸሩ ወደ ሞተር ጠምጣሚ ይሄዳል። እንዲህ ትንሽ ሞተር ለመጠምጠም ሁሉም ጠምጣሚ ፈቃደኛ አይሆንም፤ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ አርማቸሩን ብቻ መውሰድ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው።

ካርቦን

አዲስ ሳለ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረ ካርቦን 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ስፕሪንጉ በበቂ ኃይል ስለማይገፋው ይለወጣል። የፈጣኑ ዙር ካርቦን ጠበብ ያለና ደረጃ ያለው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ደረጃው እስኪጠፋ ካለቀ እርሱም ይለወጣል።

ለአሮጌ መኪና ልኩን የጠበቀ ካርቦን ካልተገኘ ከሌላ የመኪና ሞተር ላይ ትንሽ ተለቅ ያለ ካርቦን ወስዶ በልክ ማውረድ የታወቀ ዘዴ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ካርቦን አንድ አይደለም። ለባለ 12 ቮልት ሞተር የሚሆነው በውስጡ መዳብ ያለበት፣ ሲሰበር ቀላ ያለ ብልጭታ የሚያሳይ ነው፤ ከግራይንደርና ከድሪል የሚወጣው ጥቁር ካርቦን ለ220 ቮልት ስለተሠራ ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ነው፣ ሞተሩን ያዳክመዋል። ካርቦኑን በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እያሹ ወደ ልኩ ያውርዱት፤ በቤቱ ውስጥ በራሱ ክብደት ሊንሸራተት ይገባል፣ ወደ ጎን ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። ተጣጣፊውን የመዳብ ገመድ በስታኞ ሲበይዱ መጋጠሚያውን ብቻ ያሙቁ። ስታኞው በገመዱ ላይ ከወጣ ገመዱ ይደርቅና ካርቦኑ በነጻነት አይንቀሳቀስም፤ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አዲስ ካርቦን ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኮሙቴተሩን የሚነካው በመሥመር ብቻ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው በኮሙቴተሩ ላይ ጠቅልለው፣ ካርቦኑ ከላይ እያረፈበት አርማቸሩን ጥቂት ጊዜ በማዞር ጫፉን የኮሙቴተሩን ቅርጽ ያስይዙት፤ ከዚያ ዱቄቱን በደንብ ያራግፉ።

ቦኮላና ጥርስ

አርማቸሩ የሚዞርባቸው ቦኮላዎች ብዙውን ጊዜ ዘይት በሚመጥ ነሐስ የተሠሩ ናቸው። በቤንዚን ከታጠቡ ዘይታቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ የታጠበም ሆነ አዲስ የተገዛ ቦኮላ ከመገጠሙ በፊት ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ለ24 ሰዓት ይቀመጥ። አልበሮው በቦኮላው ውስጥ ወደ ጎን ሲገፋ የሚሰማ ልቅነት ካለ አርማቸሩ ማግኔቱን ሊነካ ስለሚችል በቶርኖ ሠራተኛ አዲስ ቦኮላ ማስወጣት ይሻላል። በደብረ ብርሃን ለቶርኖ ሠራተኛ ይህ ቀላል ሥራ ነው፤ ነሐሱ ተራ ሆኖ ዘይት የማይመጥ ከሆነ ግን በውስጡ ትንሽ የዘይት ቦይ እንዲያወጣለት ይንገሩት።

የናይለኑን ጥርስ በላምባ አጥበው እያንዳንዱን ጥርስ ይመልከቱ። መጥረጊያው ሁልጊዜ የሚከብደው አቅጣጫ በሚቀይርበት ጊዜ ስለሆነ መበላቱ የሚጀምረው በተወሰነ ቦታ ነው። ጥቂት የሳሳ ይታለፋል፣ የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ ግን በማጣበቂያ አይድንም።

የማረፊያው ኮንታክት

መጥረጊያው ሲጠፋ ወዲያው ሳይቆም ወደ መስታወቱ ታች ሄዶ የሚያርፈው በጥርሱ ላይ ባለ የመዳብ መንገድና ክዳኑ ላይ ባሉ የኮንታክት ምላሶች አማካይነት ነው። ስዊቹ ቢዘጋም ከፊውዙ በቀጥታ የሚመጣ ሌላ መሥመር በመዳቡ መንገድ በኩል ሞተሩን ማብላቱን ይቀጥላል፤ ጥርሱ ማረፊያው ላይ ሲደርስ መዳቡ ይቋረጣል። በብዙዎቹ ላይ ከዚህ በተጨማሪ የሞተሩ ሁለት ጫፎች በዚያው ቅጽበት ይገናኛሉ፤ ገና በመዞር ላይ ያለው ሞተር ያመነጨው ከረንት በራሱ ላይ ፍሬን ይሆንበታል። ፍሬኑ የማይሠራ ከሆነ ክንዱ ማረፊያውን አልፎ ይሄድና መንገዱ እንደገና ስለሚገናኝ መጥረጊያው ሳያቆም ይዞራል። ብዙ ሰው ይህን የስዊች ብልሽት ይመስለዋል።

ምላሶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ ጫፋቸው ተቦርቡሮ ካለቀ ደግሞ ከስፕሪንግ ነሐስ ቁራጭ አዲስ ጫፍ በስታኞ ይያዝላቸው። የተዳከመውን ምላስ በጥንቃቄ ጎበጥ አድርገው ግፊቱን ይመልሱ፤ ከመጠን በላይ ከጎበጠ ግን የመዳቡን መንገድ ይቦጭቃል። ግራፋይት ያለበት ጥቁር ግራሶ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በዚህ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። 

መልሶ መግጠምና መሞከር

ካርቦኖቹን ወደ ቤታቸው ገፍተው በቀጭን ሽቦ ወይም በክር ይያዙ፣ አርማቸሩን ያስገቡ፣ ክሩን ይልቀቁ። ቆርቆሮውን ሲመልሱ ማግኔቱ አርማቸሩን ከካርቦኖቹ መካከል መንጭቆ እንዳያወጣው አልበሮውን በሌላው ጫፍ ጨርቅ በጠቀለሉበት ፒንሳ ይያዙት። ጭረቱን ከጭረቱ አገናኝተው ብሎኖቹን እየተፈራረቁ ያጥብቁ። አልበሮው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ለጣት የሚሰማ እጅግ ጥቂት እንቅስቃሴ፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መቅረት አለበት። ማስተካከያ ብሎን ያለው ሞተር ላይ ብሎኑ እስኪነካ አጥብቀው ጥቂት ይመልሱትና በመቆለፊያው ዳዶ ይዝጉት። ፈጽሞ ከተጠበቀ ሲሞቅ ይይዛል፤ ከላላ ደግሞ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ይንኳኳል።

ለጥርሱ የሊቲየም ግራሶ ይስማማዋል። በጥርሶቹ ሁሉና በጠመዝማዛው ላይ በስሱ ይቀቡ፣ ቤቱን ግን አይሙሉት፤ በብርድ የወፈረ ትርፍ ግራሶ ለሞተሩ ሸክም ብቻ ነው። የክዳኑን ዙሪያ በቀጭን ሲሊኮን ይዝጉ፣ ከታች ያለውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አይድፈኑት፤ ውስጥ የሚቋጠረው ጤዛ የሚወጣው በእርሱ በኩል ነው።

ሞተሩን ለመሞከር በባትሪውና በሞተሩ መካከል ባለ 10 አምፔር ፊውዝና አምፔር መለኪያ ያስገቡ። ሞተሩ ሲነሣ የሚታየው ከፍታ ወዲያው ወርዶ ያለ ጭነት ከ1.5 እስከ 3 አምፔር ላይ መርጋት አለበት፤ መለኪያው ከ4 በላይ ቆሞ ከቀረ የሆነ ነገር ይታሻል፣ ብዙ ጊዜም የአልበሮው ከልክ በላይ መጥበቅ ወይም የቦኮላው አቀማመጥ ነው። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ሞተሩ ለሩብ ሰዓት ያህል በዝግተኛው ፍጥነት ሲዞር ብልጭታው ይቀንሳል፣ ቆርቆሮውም ለብ ይላል እንጂ እጅ አያቃጥልም። ሁለቱንም ፍጥነት ከሞከሩ በኋላ በማረፊያው መሥመር በኩል በማብላት ጥርሱ ማረፊያው ላይ እንዲቆም ያድርጉ፤ ወደ መኪናው የሚመለሰው በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው።

ዘንጎቹ፦ የማይዘለለው ሥራ

ክንዶቹ የተሰኩባቸው አልበሮዎች ከመስታወቱ ሥር ስለሚወጡ ዝናቡንም፣ የመንዝን የጠጠር መንገድ አቧራም በቀጥታ ይቀበላሉ። የጎማ ማኅተማቸው ሲሰነጠቅ ውኃና አቧራ ተቀላቅለው እንደ ሞረድ ይሠራሉ። ማያዣ ቀለበታቸውን አውጥተው አልበሮዎቹን ይምዘዙ፣ ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያስለቅቁ፣ ቤታቸውን በላምባ አጥበው ያድርቁና አዲስ ግራሶ ቀብተው ይመልሱ። የማይወጣ ዓይነት ከሆነ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እያንጠባጠቡ አንድ ሌሊት ያሳድሩትና በእጅ እያመላለሱ ቆሻሻው እስኪወጣ ይቀጥሉ፤ በመጨረሻ ወፈር ያለ ዘይት ይስጡት። የዘንጎቹ መጋጠሚያ የናይለን ጉልላቶች ካለቁ ክንዱ ዳር ላይ ይቀርና የመስታወቱ አንድ ጎን ሳይጠረግ ይተዋል። ጥርሳም ገመድ ያለው መኪና ላይ ገመዱ ታጥቦ ግራሶ ይቀባል፣ ቱቦው መታጠፉም ይታያል።

ዘንጎቹ በሁለት ጣት መንቀሳቀሳቸውን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ሞተሩን ይግጠሙ። የአካል ግንኙነቱን ሽቦ የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፍቀው፣ በሮንዴላ አጥብቀው፣ ከላይ ግራሶ ይቀቡት። ክራንኩን በምልክቱ መሠረት ገጥመው ዳዶውን ሲያጠብቁ አሁንም ክራንኩን ራሱን ይዘው ነው። የመጥረጊያ ክንዶቹን ከመስካትዎ በፊት ሞተሩን አንድ ጊዜ አብርተው አጥፍተው አልበሮዎቹ በማረፊያቸው ላይ መቆማቸውን ይመልከቱ፤ ከዚያ ክንዶቹን በፕላስተሩ ምልክት ላይ አስቀምጠው ያጥብቋቸው።

የመጀመሪያውን ሙከራ በደረቅ መስታወት ላይ አያድርጉ። መስታወቱን በሳሙና ውኃ አጥበው፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ለውጠው፣ ሞተሩ በርቶ እያለ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት እንደገና ይለኩ። ክንዱ መስታወቱን የሚጫነው ስፕሪንግ ከልክ በላይ ከጠነከረ፣ በተለይ ከሌላ መኪና የመጣ ረጅም ክንድ ከሆነ፣ የታደሰውን ሞተር እንደ በፊቱ ያስጨንቀዋል፤ ለመኪናው የተሠራውን አጭር ክንድና ጎማ ፈልጎ መግጠም ይገባል። አመዳይ ባለበት ማለዳ ጎማውን በእጅ ከመስታወቱ አላቅቀው፣ አመዳዩን ጠርገው ወይም በቀዝቃዛ ውኃ አውርደው ከዚያ ስዊቹን ይክፈቱ፤ የፈላ ውኃ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። የጎማ ማቀፊያዎቹ ከተለወጡ ከመጀመሪያው የዝናብ ጉዞ በኋላ ስለሚረግቡ፣ የሞተሩን ብሎኖችና የክራንኩን ዳዶ አንድ ጊዜ መልሰው ያጥብቁ።